«እጄ ነው የሄደው» - የመጀመሪያ እርዳታና ራስን የማዳን ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን ስም ስለረዘመ ተማሪው «አድን ክበብ» ብሎ አሳጥሮታል። እኔም ተቀብዬዋለሁ። መስከረም ላይ 43 ልጆች ተመዘገቡ። ግማሾቹ የድራማ ክበብ ሞልቶባቸው ወደ እኔ የተሸኙ መሆናቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ቢሆንም አልከፋኝም፤ ተዋናይ እንደሚያስፈልገን ያኔ አላወቅሁም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያበላሸሁት እኔው ነኝ። የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ የማውቀው ጠመኔ ይዞ ማስረዳት ነው። ልቡ የቆመ አዋቂ ደረቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይጫናል፤ በየ30ው ግፊት 2 ትንፋሽ ይሰጠዋል። ነስር የያዘው ሰው ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ያጎነብሳል። ጻፉ፣ ሸመደዱ፣ ፈተንኳቸው፣ አብዛኞቹ ደፈኑ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ኅዳር ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ ሳለ ቁርስ ሳትበላ የመጣች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሰልፉ ፈረሰና ሁሉም ከበባት። ከከበቧት መካከል የእኔዎቹ ይበዙ ነበር። አንዱ ሊያስቀምጣት ብብቷን ይዞ ይጎትታል፣ አንዷ ፊቷ ላይ ውሃ ትደፋለች፣ ሌላው ከዘበኛው ክብሪት ተቀብሎ ጫረና አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ይህ ልጅ በእኔ ፈተና 20 ከ20 ያገኘ ነው። ልጅቷን ሳይከቧት ቢተዉአት፣ በጀርባዋ አጋድመው እግሯን ከፍ ቢያደርጉላት በደቂቃ የምትነቃ ነበረች። ነቃችም፤ ግን በክብሪት ጭስ እየሳለች፣ ዩኒፎርሟ እየተንጠባጠበ።

ልጁን ቢሮ ጠርቼ ክብሪቱን ከየት አመጣኸው፣ ተምረህ አልነበር ወይ አልኩት። «ቲቸር፣ አውቃለሁ። እጄ ነው የሄደው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ አገር ሰው ወድቆ አይቶ የሚያልፍ የለም። ሱቁን ጥሎ ይመጣል፣ ባጃጁን አቁሞ ይወርዳል። ርኅራኄ አልጎደለንም፤ የጎደለን ርኅራኄውን ተከትሎ የሚሄደውን እጅ ማሠልጠን ነው። አምቡላንስ የቱንም ያህል ቢፈጥን መጀመሪያ የሚደርሰው አጠገብ ያለው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። ለዚህ ነው ትምህርቱ ለጤና ባለሙያና ለቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ብቻ መተው የለበትም የምለው።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። በየሐሙሱ አንድ ልጅ ሳይነገረን ይወድቃል (ከድራማ ክበብ የተረፉት እዚህ ላይ ጠቀሙን፤ አንዷማ እውነት መስሎን ሁለት ጊዜ አስደንግጣናለች)። መጀመሪያ የተለማመድነው ቁስል ማሰር አይደለም፤ ከበባ መበተን ነው። አንዱ ይንበረከካል፣ አንዱ 907 ይደውላል፣ ሁለቱ ጀርባቸውን ለወደቀው ሰጥተው ሕዝቡን ይመልሳሉ። ደረት መጫን የተለማመድነው አሮጌ ልብስ በጠቀጠቅንበት ጆንያ ላይ ነው። ጆንያ ስለ ፍጥነቱ እንጂ ስለ ጥልቀቱ እንደማያስተምር አውቃለሁ፤ የነበረን ግን እሱ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር በቡና ላይ ሆነ። ጅማ ላይ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል! እጁ የተቆረጠ ሰው ቤት ከገባ የተወቀጠ ቡና ይነሰነስበታል። የእኔም ጉልበት ላይ ያ ጠባሳ አለ። ለልጆቹ ያስረዳሁት ይህን ነው፦ ደሙን የሚያቆመው ቡናው ሳይሆን ቡናውን ይዞ የሚጫነው እጅ ነው። ዱቄቱ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ኋላም ጤና ጣቢያ ላይ ታጥቦ እስኪወጣ ሥቃይ ነው። ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ሳያነሱ አጥብቆ መጫን ይበቃል። ለቃጠሎም እንዲሁ፤ የጥርስ ሳሙናና ቅቤ ሳይሆን ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ይህን ይዛ አያቷ ዘንድ ገባች። አያትየው «ቡናን የምትንቂ ልጅ ከየት መጣሽ» ብለው ተቆጡ። በሳምንቱ ወንድሟ በማጭድ ሲቆረጥ ግን ታረቁ፦ እሷ ጨርቁን ይዛ ተጫነች፣ እሳቸው ቡናውን አፈሉት፣ ደሙ ሲቆም ሁሉም ጠጡ።

ከሰሉ ግን እንዲህ አያስቅም። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ከዙሪያው ወረዳዎች መጥተው አንዲት ጠባብ ክፍል የተከራዩ ናቸው። የጅማ ዝናብ ሲበረታ ዩኒፎርም የሚያደርቁትም፣ የሚሞቁትም፣ ሽሮ የሚሠሩትም በዚያው ክፍል፣ በር ዘግተው ነው። ስጠይቃቸው ሁሉም ያሉኝ አንድ ነው፦ «ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ አይጎዳም»። ውሸቱ እዚህ ጋ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል፤ በደማችን ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ቦታ ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥብቀት ይይዘዋል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ። የሚሞቀው ሰው ደክሞኝ ነው ብሎ ይጋደማል። በዚህ ጉዳይ ላይ ልጆቹ ራሳቸው «ከሰል ውጭ ያድራል» የሚል ሕግ አወጡ፤ ማታ ማታ በየተከራዩበት ግቢ እየዞሩ ያስከብሩታል። አከራዮች ስለ ጫጫታው ቅሬታ አቅርበውልኛል። ቅሬታውን በደስታ ተቀብያለሁ።

የአዌቱ ወንዝ ሲሞላ ምን እናድርግ ለሚለው ደግሞ ባዶ ጄሪካን በገመድ አስረን መወርወር ተለማመድን። ትንሽ ውሃ ካልተጨመረበት ነፋስ ይወስደዋል። ሕጉ አጭር ነው፦ ወርውር እንጂ አትግባ። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ሰው መጣል ይችላል።

ግንቦት ላይ ጅሬን ወጣን፤ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ ፎቶ ተነሣን፤ ከዚያ ስልኮቹን ሰብስቤ «ሰሜን የት ነው?» አልኳቸው። አንዱ በቪዲዮ ያየውን አስታወሰና «እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት» አለ። አንድ ሜትር ዱላ ተክለን ጠበቅን። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጥላው ስንዝር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ወደቀ፤ ፀሐይዋ ሰሜን ነበረች ማለት ነው። ቪዲዮው የተሠራው ለአውሮፓ ነው። እኛ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምንርቅ ከሚያዝያ መባቻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን ትዞራለች። ዓመቱን ሙሉ የማይዋሸው ሌላው ዘዴ ነው፦ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጎ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቆ ሁለተኛ ጠጠር ማስቀመጥ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። ጠጠሮቹን ያስቀመጠው የክብሪቱ ልጅ ነው።

የወላጆች ቀን ትርኢታችን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቀርቦ አልፏል፤ ማይክራፎኑ አስቸገረን እንጂ ደህና ነበር።

ሰኔ ላይ፣ በፈተና መሀል አንድ ልጅ የሚጥል በሽታው ተነሥቶበት ከወንበሩ ወደቀ። የክበባችን ልጆች ሦስት ነበሩ። አንዷ ጠረጴዛውን ገፋች፣ ሌላው ሹራቡን አውልቆ ጭንቅላቱ ሥር አደረገ፣ ሦስተኛው ሰዓቱን ይዞ መቁጠር ጀመረ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ጤና ጣቢያ ነው። ማንም አልያዘውም፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አልገባም። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። በዚህ መካከል «ክብሪት! ክብሪት ያለው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ ጩኸቱ ከእኛ ከመምህራን ወገን ነበር።

ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ለመምህራንም ቦታ አለ። ዓመቱን የጨረስነው በ29 ልጆች ነው። ጆንያው ደህና ነው። ገመዱን ግን አንድ ሰው የልብስ ማስጫ አድርጎታል፤ ቢጫው ጄሪካንም ሻይ ቤት አካባቢ ውሃ ሲቀዳበት ታይቷል። የወሰደው ቢመልስልን ምንም አንጠይቅም።