ገመዱን ለፈታችው፣ እጄንም ላልለቀቁት

ከበረዷማ ተራራ ላይ ከወደቅሁ አሥራ አንድ ሳምንት ሆነኝ። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምርኩዝ ከአልጋዬ ተነሥቼ እስከ መስኮቱ ሄድሁ፤ ስድስት እርምጃ ነው። መስኮቱን ተደግፌ እንደቆምሁ ይህን ደብዳቤ ከዚህ በላይ ማቆየት እንደማይገባኝ ተሰማኝ። ብዙዎቻችሁ ደውላችሁልኛል፣ መልእክት ልካችሁልኛል፣ አልጋዬ ድረስ መጥታችሁ ጠይቃችሁኛል። ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ለመመለስ አቅም አላገኘሁም። ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ፤ የሆነውንም እንደሆነ እናገራለሁ። ማንን ስለ ምን እንደማመሰግን የሚገባችሁ ያን ቁልቁለት ስታውቁት ነውና።

የተራራውን ጫፍ ረግጠን መውረድ ከጀመርን ቆይተናል። ፀሐይ የላይኛውን በረዶ አለስልሳው ስለነበር እርጥቡ በረዶ ከክራምፖኔ፣ ማለትም ከጫማ ሥር ከሚታሰረው ባለ ጥርስ ብረት፣ እየተጣበቀ ጫማዬ ሥር እንደ ጡብ ይጠጥር ነበር። በየጥቂት እርምጃው በበረዶ መጥረቢያዬ፣ ማለትም ተራራ ወጪ በእጁ በሚይዘው ባለ ሹል መሣሪያ፣ እጀታ ጫማዬን መታ መታ አድርጌ ማራገፍ ነበረብኝ፤ ስወርድም ሁሉ ሳደርገው ቆይቻለሁ። ክራምፖኑን ያከራየኝ ቤት በረዶ እንዳይጣበቅ የሚከላከለውን ላስቲክ አላደረገበትም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ፀሐይ ወደማይደርስበት ሰርጥ ገባን። የጥላው ድንበር በረዶው ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለው በረዶ ሌሊት እንደ ጠነከረ ነው። ያን ድንበር ስሻገር ግራ ጫማዬን አላራገፍሁም። ደክሞኝ ነበር፤ ዐይኔም ታች በሚታየው ድንኳናችን ላይ ነበር። በበረዶ የተሸፈነው የብረት ጥርስ መሬቱን ሊነክስ አልቻለም። እግሬ ከሥሬ ሄደ።

ያልደረሰበት ሰው በረዶ ላይ መውደቅን ፍራሽ ላይ እንደ መውደቅ ያስበዋል። እኔም ተራራ መውጣት ከመጀመሬ በፊት እንደዚያ አስብ ነበር። 40 ዲግሪ ባዘነበለ ጠንካራ በረዶ ላይ ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ የወደቀን ሰው የሚይዘው ሰበቃ እጅግ ትንሽ ነው። ካልቆመ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ የመኪና ፍጥነት ነው፤ የሚንሸራተተው ሰው ግን መሪም ፍሬንም የለውም፤ ታች የሚጠብቀውም ዓለት፣ ገደል ወይም የበረዶ ስንጥቅ ነው። ራሱን ለማቆም ያለው ዕድል በመጀመሪያው ሰከንድ ውስጥ ያለቀ ያህል ነው። ያ ሰከንድ ካለፈ በኋላ መጥረቢያውን ቢሰካ እንኳ ፍጥነቱ ከእጁ ነጥቆ ሊወስድበት ይችላል።

አሠልጣኜ ጋሼ፣ ያቺን ሰከንድ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ማብቂያው ሜዳ በሆነ፣ ምንም በማይጎዳ ዳገት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጥሉን የዋሉበትን ጊዜ ያስታውሱታል? በሆድ፣ በጀርባ፣ ጭንቅላት ወደ ታች። ልብሳችን ርሶ፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ፣ ይበቃናል ስንልዎ ‹‹አንድ ጊዜ ደግማችሁ›› ይሉን ነበር። አንድ እጅ በመጥረቢያው ራስ ላይ፣ ሌላው በእጀታው ጫፍ፤ እጀታው ደረትን በሰያፍ አቋርጦ፣ ሹሉ ከትከሻ አጠገብ፤ ከዚያ በሆድ ተገልብጦ የሰውነትን ክብደት በሙሉ ሹሉ ላይ መጣል። በዚያን ቀን በልቤ እንዳማረርሁብዎ አልደብቅም። እርስዎ ግን ጭንቅላታችን ማሰብ በማይችልበት ቅጽበት እጃችን እንዲያስብልን ነበር የሚደክሙት።

የወደቅሁት በጀርባዬ፣ ጭንቅላቴ ወደ ታች ሆኖ ነው። ሰማዩን አየሁ፤ ከዚያ ያሰብሁት ነገር የለም። እጄ ሹሉን በጎን ሰካው፤ ሰውነቴ በእርሱ ዙሪያ ዞሮ እግሬ ወደ ታች መጣ፤ ሆዴ ላይ ተገለበጥሁ። ሹሉ ግን ወዲያው አልያዘም። ፊቴ አጠገብ ብረት በድንጋይ ላይ እንደሚጎተት እየጮኸ በረዶውን ፋቀው፤ የተፋቀው በረዶ ዐይኔና አፌ ውስጥ ገባ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። ቀስ በቀስ መያዝ ሲጀምር እርስዎ ደጋግመው የነገሩኝን አንድ ነገር ረሳሁ። ክራምፖን ያደረገ ሰው ሲንሸራተት እግሩን ከበረዶው ከፍ ማድረግ አለበት፤ ጥርሱ ከነከሰ እግሩን ይሰብረዋል ወይም ሰውየውን ወደ ኋላ ገልብጦ ይወረውረዋል። ቀኝ እግሬን ዝቅ አድርጌው ኖሮ ጥርሱ ነከሰ። ቁርጭምጭሚቴ ሲሰበር ከመታመሜ በፊት ሰማሁት። የቆምሁት ከዓለቶቹ 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እግሬ የተሰበረው ትምህርትዎ ጎድሎ አይደለም፤ የቀረው አካሌ የተረፈው ግን በትምህርትዎ ነው።

የቡድናችን መሪ፣ እኅቴ፣ ለአንቺ የምጽፈው ከሁሉም ይከብደኛል። ሰርጡ አፍ ላይ ስንደርስ ሦስታችን በአንድ ገመድ ታስረን ነበር። አንቺ ገመዱን ከተራራው ጋር የሚያያይዝ የበረዶ ችካል ልትተክይ ሞከርሽ፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ መታሽው። በረዶው ሥሥ ነበርና ሥሩ ያለው ዓለት ችካሉን መለሰው። ያን ጊዜ ‹‹እንፈታ፤ ከዚህ በኋላ እያንዳንዳችሁ በየመጥረቢያችሁ›› አልሽ። ተቀየምሁሽ። የጣልሽኝ መሰለኝ። ድካሜን እያየሽ፣ ከሁላችንም ጀማሪው እኔ መሆኔን እያወቅሽ ገመዱን ከወገቤ ስትፈቺ ዐይንሽን እንኳ አላየሁም።

ሆስፒታል ተኝቼ ካነበብሁት በኋላ ነው ያደረግሽው የገባኝ። በአውሮፓ አልፕስ ውስጥ ያለው ማተርሆርን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ በተወጣበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. በ1865፣ ሰባቱ ወጪዎች ሲወርዱ አንዱን አዳለጠውና ሦስት ሰዎች ይዞ ወረደ፤ የቀሩት ሦስቱ የተረፉት ገመዱ መሐል ላይ ስለተበጠሰ ነው። አሜሪካ በሚገኘው ሁድ ተራራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሜይ 2002 ከጫፉ አጠገብ በአንድ ገመድ ታስረው የነበሩ ሰዎች ተንሸራትተው ከታች ያሉትን ጠረጓቸው፤ ዘጠኝ ሰው አንድ የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ወደቀ፤ ሦስቱ ሞቱ። ሰው ከሰው ጋር ብቻ ሲታሰር፣ ገመዱም ከተራራው ጋር ምንም ካላገናኘው፣ የአንዱ መውደቅ የሁሉም መውደቅ ይሆናል። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ተራራ ወጪ ፒት ሾኒንግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 በዓለም በከፍታ ሁለተኛ በሆነው ኬ2 ተራራ ላይ የታመመ ጓደኛቸውን ሲያወርዱ አምስቱ ባልደረቦቹ ተያይዘው ተንሸራተቱ፤ እርሱ መጥረቢያውን ከዓለት ጀርባ ቀርቅሮ ገመዱን አስቀድሞ ይዞ ነበርና ሁሉንም፣ በሽተኛውንም ጭምር፣ ብቻውን ያዛቸው። አንቺ ያን ዓለት ፈለግሽ፤ አላገኘሽም። የማይይዝ ገመድ ይዘን እንድንጽናና ግን አልፈቀድሽም።

ታስረን ቢሆን ኖሮ ሦስታችንም ዓለቱ ላይ ነበርን። እኔ ራሴን ያቆምሁት የራሴን ክብደት ብቻ ስለያዝሁ ነው። አንቺም ላይ ሆነሽ፣ ሙሉ ሰው ሆነሽ ስለቀረሽ ነው ሳትሮጪ፣ እርምጃ በእርምጃ፣ ጫማሽን እያራገፍሽ ወርደሽ የደረስሽልኝ። ያን ዕለት ስለተቀየምሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

አብሮን ለነበረው ሦስተኛ ጓደኛችንም እጅግ አመሰግናለሁ። የጭንቅ ምልክቱን የሰጠው እርሱ ነው፤ በደቂቃ ስድስት ፉጨት፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝምታ፣ እንደገና ስድስት። ለስንት ጊዜ እንደነፋ አላውቅም፤ ከንፈሩ ደምቶ ነበር። በአንዱ ዝምታ መካከል ከታች ሦስት ፉጨት ሰማን። ሰምተናል፣ እየመጣን ነው ማለት ነው። በሕይወቴ ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ የሚበልጥብኝ እርሱ ነው።

የመለሳችሁልን እናንተ ሁለት ወንድሞቼ ናችሁ። ስማችሁን በቅጡ አልያዝሁም። ወደ ላይ እየወጣችሁ ነበር፤ ጫፉ ከፊታችሁ ነበር፤ ትታችሁት ወደ እኔ መጣችሁ። መጀመሪያ ያደረጋችሁት እኔን መንካት አልነበረም። አንዳችሁ ቀና ብላችሁ ከላይ የሚወርድ ነገር እንዳለ አያችሁ፤ ሌላችሁ በመጥረቢያ በረዶውን ቆርጣችሁ ጠፍጣፋ መደብ ሠራችሁልኝ። ገመዳችሁን ጠቅልላችሁ፣ ቦርሳችሁን ባዶ አድርጋችሁ ከሥሬ አነጠፋችሁ፤ ብርዱ ከሥር እንደሚገባ ታውቁ ነበርና። አንገቴን እንዳላንቀሳቅስ ራሴን በጉልበታችሁ መካከል ያዛችሁት። ቀኝ ጓንቴ በመንሸራተቱ ተነጥቆ ሄዶ ነበር፤ ጣቶቼ ነጥተው የእኔ አልመስል ብለውኛል። አንዳችሁ ምንም ሳትናገሩ ጃኬታችሁን ከፍታችሁ እጄን ብብታችሁ ውስጥ አስገባችሁት። አላሻችሁትም፤ የቀዘቀዘ ገላ እንደማይታሽ ታውቃላችሁ። ዝም ብላችሁ ያዛችሁት። የነፍስ አድን ቡድኑ እስኪመጣ አምስት ሰዓት ሙሉ ያ እጅ ከዚያ አልወጣም። ዛሬ ይህን የምጽፍበት እጅ ነው።

የነፍስ አድን ሠራተኞች፣ ነፋሱ ሄሊኮፕተር ስለከለከላችሁ በእግር መጣችሁ። ቃሬዛውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት እያንዳንዱን ገመድ ሁለት ቦታ አስራችሁ፣ አንዱ የሌላውን ቋጠሮ በእጁ ዳስሶ ሲያረጋግጥ አየሁ፤ ፍርሃቴ የለቀቀኝ ያኔ ነው። ከጎኔ የወረድኸው ወጣት፣ ‹‹አሁን ትንሽ ትናወጣለህ››፣ ‹‹አሁን ጥላ ነው፣ ይበርድሃል›› እያልህ የሚመጣውን ሁሉ ቀድመህ ትነግረኝ ነበር። ክፉ አይንካህ።

ቁርጭምጭሚቴን በብሎን የገጣጠሙልኝ ዶክተር፣ ሌሊት ሌሊት ስጮህ ሳይሰለቹ የመጡልኝ ሲስተሮች፣ አሁንም በየቀኑ እግሬን የሚያሠሩኝ ባለሙያ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ። እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹‹ምን ልትሠራ ሄድህ›› ብለሽ አልጠየቅሽኝም። የተሰነጠቀውን የራስ ቁሬን ይዘሽ ለረጅም ጊዜ ስታይው አይቻለሁ። ያን ስንጥቅ የተሸከመው ራሴ አለመሆኑን እኔም ዘወትር አስባለሁ።

ወደ በረዶ የምትሄዱ ጀማሪዎች ይህን የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ብወድቅ የምደርሰው የት ነው ብላችሁ ታች ያለውን ተመልከቱ። ማብቂያው ሜዳ ከሆነ ስሕተት ይቅር ይባላል። ዓለት ወይም ገደል ከሆነ ችካል ትከሉ፤ ካልተቻለ ተመለሱ። ከሁሉም ይልቅ ስትወርዱ ተጠንቀቁ፤ ጉልበት አልቆ፣ ልብ ቀድሞ ድንኳን የገባበት ሰዓት ነውና።

እናንተ ሁለት ወንድሞቼ፣ ሰማያዊው ጃኬታችሁ እኔ ዘንድ ነው። ሆስፒታል ውስጥ እጅጌውን በመቀስ ቀደውት ነበር፤ እማዬ ሰፍታዋለች፤ ታጥቦ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ስድስት እርምጃ ሄጄ ትናንት የነካሁት እርሱን ነው። ወዴት እንደምልክላችሁ ንገሩኝ፤ ወይም መጥታችሁ ውሰዱት፤ እጄን እንድታዩት።