የሚንቀጠቀጥ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣ ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። ሰሞኑን በየከተማው ስለሚንከራተቱ ውሾች ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታ መጻፋችሁ በጣም ተገቢ ነው፣ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። የሚጥል በሽታ ውሻም ላይ አለ፣ ልክ ሰው ላይ እንዳለው። ይሄን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ውሻ ወድቆ ሲንፈራገጥና አረፋ ሲደፍቅ ያየ ሁሉ "አብዷል!" ብሎ ድንጋይ ያነሳል።

የኛ ቡቺ ይሄ በሽታ አለበት። ሊነሳበት ሲል ያስታውቃል፣ ግቢውን ይዞራል፣ አንዴ ሮቶው ስር አንዴ እኔ እግር ስር ይወሸቃል፣ ከዛ ድንገት በጎኑ ይወድቅና ተኝቶ እንደሚሮጥ አራት እግሩን ያወራጫል፣ መንጋጋው ይንገጫገጫል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሽንቱንም ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም ግን ቆሞ ለሚያይ ሰው አያልቅም። ሲነቃ ግራ ይገባዋል፣ ግድግዳ ይገጫል፣ እኔንም ለትንሽ ጊዜ አያውቀኝም፣ ከዛ ውሃውን በላይ በላዩ ጠጥቶ ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ያበደ ውሻ እንዲህ አይመለስም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት አንዴ ከጀመረ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ሳይሞላው ይሞታል እንጂ ተነስቶ ምሳውን አይበላም።

በርግጥ ያበደ ውሻም ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ስለዚህ የማታውቁትን ውሻ ቅረቡ እያልኩ አይደለም። ልጆችን ማራቅ፣ ራቅ ብሎ ማየት፣ ባለቤቱን መጥራት ነው። ከነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ነገ ሳይባል፣ ምክንያቱም በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ቡቺን ያየው የእንስሳት ሐኪም ያዘዘለት ፌኖባርቢታል ነው፣ ለሰው የሚጥል በሽታም የሚሰጠው ያው ኪኒን። በየ12 ሰዓቱ ነው የሚወስደው፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት፣ ለቅሶም ብሆን ሰርግም ብሆን ሰዓቱ ሲደርስ ቤት እገኛለሁ። ሥጋ ሦስት ቦታ እቆርጥና መጀመሪያ ባዶውን እሰጠዋለሁ፣ ቀጥሎ ኪኒን ያለበትን፣ ወዲያው ሦስተኛውን ሳሳየው ለሱ ሲቸኩል ሁለተኛውን ሳያኝክ ይውጠዋል። (ደሴ በዚህ ደግ ናት፣ በጾም የክርስቲያኑ ልኳንዳ ሲዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው፣ ቡቺም ሥጋ አያጣም።) የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ መድሃኒቱ ያንገዳግደው ነበር፣ ጥማትና ረሃቡም ጨመረ፣ አሁን ግን የሚወድቅበት ጊዜ ተራርቋል። በድንገት ማቋረጥ አይቻልም፣ ከተቋረጠ ከበፊቱ ብሶ ሊነሳ ይችላል፣ ለዛ ነው ፋርማሲ ሄጄ "አልቋል" ስባል ጉልበቴ የሚከዳኝ። ማዘዣ ይዤም "ለውሻ?" ተብዬ አውቃለሁ። አዎ ለውሻ! ያማል እኮ፣ ሕመም ሕመም ነው።

ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የወደቀ ቀን ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው ልጆቹን ድንጋይ ያስጣሏቸው። "አብሽሪ ልጄ፣ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰውዬ በሱ ምሕረት አግኝቷል" አሉኝ፣ እስካሁን ሲጨንቀኝ የሳቸው ቃል ነው የሚያጽናናኝ።

የኔ ጥያቄ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ይሄ መድሃኒት ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው ደሙ መታየት አለበት፣ ክሊኒኮቻችን ግን የቆሙት ለከብት፣ ለበግና ለጋማ ከብት ነው፣ ውሻ ይዞ የመጣ ሰው እንደ ቅንጡ ነው የሚታየው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፣ ኮምቦልቻም የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ቀንም ቢሆን፣ ለውሻ የሚሆን ሰዓት ቢመቻች እኮ ተማሪዎቹም ይማሩበታል፣ ክትባቱም አብሮ ይሰጣል።

ሌላው መርዙ ነው። ለባዘኑ ውሾች ተብሎ ሌሊት የሚጣል መርዝ የተከተበና ያልተከተበ አይለይም። ስትሪክኒን የበላ ውሻ አይቻለሁ፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ግን እንደ ቡቺ በደቂቃ አያባራለትም፣ ልቡናው እያወቀ ነው የሚሰቃየው። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያቆመው ክትባት ነው፣ ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ ስርጭቱ እንደሚቆም የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ የሚለው ነው። ቡቺ በየዓመቱ ይከተባል፣ ወረቀቱንም ለጠየቀ ጎረቤት ሁሉ አሳያለሁ።

እናንተም እባካችሁ አንድ የእንስሳት ሐኪም አነጋግራችሁ የቤት ውሻ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ጻፉልን። ሰው እጁን አፉ ውስጥ እንዳይከት፣ ክብሪት ጭሮ እንዳያሸተው፣ የሚያጋጨውን ነገር ከአጠገቡ አንስቶ ሰዓት እንዲያይ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ግን ሳይጠብቅ ሐኪም ጋ እንዲያደርሰው።

የቡቺ ባለቤት፣ ከደሴ