ከክኒኑ በፊት የሚቆመው ምርመራው ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የኤችአይቪ የውጭ ዕርዳታ ቀነሰ በተባለ ቁጥር ወሬው ሁሉ «መድኃኒቱ ያልቅ ይሆን?» ላይ ይቆማል። ስጋቱ ይገባናል፤ ግን ቀድሞ የሚጎድለው ምርመራውና የታካሚው ክትትል ነው። ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300ና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም በአንድ ክኒን የያዘው የኤችአይቪ መድኃኒት ቲኤልዲ፣ ለኤችአይቪ፣ ለቲቢና ለወባ ገንዘብ የሚሰጠው ዓለም አቀፉ ግሎባል ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ባስታወቀው ዋጋ ለአንድ ሰው በዓመት ከ45 ዶላር በታች ይገዛል። ለጋሹም እጁን መጨረሻ የሚያነሳው ከእሱ ላይ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ለ90 ቀናት ስታግድ፣ ለሕይወት አድን መድኃኒቶች የተለየ ፈቃድ የተሰጠው በስምንተኛው ቀን ነበር። ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ መንግሥት ተቋማት በሲዲሲና በዩኤስኤይድ ገንዘብ የቀጠራቸው 5,000 ያህል ሠራተኞች ውል ግን ተቋረጠ።

በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካውን የቫይራል ሎድ ምርመራ እንይ። ደሙ በሰዓታት ውስጥ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ፈሳሹ ክፍል (ፕላዝማው) ካልተለየ ይበላሻል። የተለየው በቅዝቃዜ ተይዞ በፖስታ አገልግሎት መኪና ወደ ክልል ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ውጤቱ ተመልሶ በታካሚው ካርድ ላይ መጻፍ አለበት። መረጃ የሚያስገባው ሰው ከሌለ፣ ውጤቱ መጥቶም ካርዱ ባዶ ነው። በሚሊ ሊትር ከ1,000 ቅጂ በላይ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ በትክክል ስለመውሰድ ምክር (የቁርኝት ምክር) አግኝቶ ከሦስት ወር በኋላ መልሶ መመርመር ሲገባው፣ ያንኑ ክኒን ይዞ ይሸኛል። ቫይረሱ የወረደለት ደግሞ ማስረጃ ስለሌለው የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ የሚወስድበትን ቀጠሮ ያጣል፤ በየጊዜው እየተመላለሰ ወረፋውን ያስረዝማል።

ሕፃናቱ ላይ ሲሆን ይከፋል። ከቫይረሱ ጋር የተወለደ ሕፃን በ6ኛ ሳምንቱ ቫይረሱን ራሱን በሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ካልተመረመረና ሕክምና ካልጀመረ፣ ከሦስቱ አንዱ የመጀመሪያ ልደቱን አያይም። እናትየው ከቀረች ደውሎ፣ ስልኩ ካልሠራ ቤቷ ሄዶ የሚፈልጋት ኬዝ ማናጀሩ ወይም የእናቶች ድጋፍ ቡድን አባሏ ናት። በብዙ ጤና ጣቢያ እነዚህ ሰዎች ቋሚ መደብ የላቸውም። በፕሮጀክት ውል ሲሠሩ ስለኖሩ የመንግሥት መዋቅር አያውቃቸውም።

«መንግሥት ይሸፍን» ማለት ብቻ አይበቃም። ዚምባብዌ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገቢ ግብር ላይ 3 በመቶ የኤድስ ቀረጥ ትሰበስባለች፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ይሁንና የዋጋ ንረቱ በሰማየ ሰማያት በነበረባቸው ዓመታት የተሰበሰበው ገንዘብ መድኃኒት ሊገዛ አልቻለም። እኛም ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ዋጋው ከዶላር አንጻር እንዴት እንደወረደ አይተናል። በብር የተያዘ በጀት በዶላር የሚገዛውን የምርመራ ኬሚካል (ሪኤጀንት) ዓመቱ ሳይጋመስ ያጎድለዋል።

ስለዚህ የምክር ቤት አባላት በጀቱ ሲቀርብላቸው ሦስት ነገር ቢጠይቁ ደስ ይለናል፦ ለሪኤጀንት የተለየው የውጭ ምንዛሪ ስንት ነው? የናሙና ማመላለሻው በየትኛው የበጀት ርዕስ ተይዟል? ኬዝ ማናጀሮቹስ በየትኛው የሥራ መደብ?

ከኤችአይቪ ሕክምና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ