ስለ ሾርባው እውነቱን ልንገርሽ

ድሬዳዋ፣ ጥር 28 ቀን 2018

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ነነዌን ትናንት ጨርሰን ዛሬ ቡናውን በጠዋት አፈላሁት። ስኒሽን እንደ ልማዴ ደረደርኩት፣ ወንድምሽም እንደ ልማዱ ሳቀብኝ። ስልክ ላይ ታውቂኛለሽ፤ አንቺ «ደህና ነኝ» ካልሽ እኔም «እሰይ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

የአክስትሽ ልጅ ማክሰኞ ማታ ደወለችልኝ። እንዳትቆጫት፤ ጎትጉቼ ያናገርኳት እኔ ነኝ። ከሥራ ስትመለሺ ልብስሽን ሳትቀይሪ እንደምትተኚ፣ ቅዳሜና እሁድ መጋረጃው እንደማይከፈት፣ ምግብሽም ኢንዶሚና ብስኩት፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ደግሞ ቡና እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን እንኳ ቻልኩት። ያልቻልኩት የመጨረሻውን ነው። ሐኪሙ ለድባቴው ያዘዘልሽን ኪኒን በሦስተኛው ሳምንት ትተሽ፣ ለምን ስትልሽ «እማ ያለ ኪኒን አይደል የዳነችው? የሐረሯ ሾርባ ነው ያዳናት» አልሻት።

ልጄ፣ ኪኒኑን እንዳታቋርጪ። ያቋረጥሽውንም በራስሽ ግምት አትቀጥዪው፤ ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ ሄደሽ «ትቼው ነበር» በዪው። ከተቆጣም ይቆጣ።

የዚያ ሾርባ ታሪክ ግማሹ ነው የተነገረሽ። ግማሹን የደበቅሁት እኔ ነኝ።

የ1998 ክረምት ስድስት ዓመትሽ ነበር። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት፣ ነጋዴው እቃውን የሚዘረጋበት ወንዝ፣ በሐምሌ መጨረሻ በአንድ ሌሊት ተነስቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከእኛ ቤት ማንን እንደወሰደ ላንቺ አልጽፍልሽም። ድንኳን ውስጥ ሳለን የመጣው ሁሉ «በርቺ፣ ለልጆችሽ ስትዪ» ይለኛል። እኔ እንኳን ለልጆቼ፣ ፊቴን ለመታጠብ የምነሳበት አቅም አልነበረኝም። ኋላ ያቺን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ስንገባም ያው ነበርኩ።

አንድ ቀን ከእንቅልፌ ስነቃ፣ አንቺ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከርሽ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላውን ወንድምሽን ስታጎርሺው አየሁ። ሻዩን ማን አፈላልሽ? ዳቦውንስ ከየት አመጣሽው? እስከ ዛሬ አልጠየቅሁሽም። አየሁሽና ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከጎርፉ ይልቅ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይሄ ነው፤ መዞሬ።

ጤና ጣቢያ ወስደውኝ ኪኒን ሰጡኝ። አሚትሪፕቲሊን ይባላል፤ ስሙን ለመያዝ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰለሽ። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሁለት ሳምንት ውጬ ለውጥ ሳጣ፣ ደግሞም ሰው «የእብድ መድኃኒት» ሲል ሰምቼ ጣልኩት። ከበፊቱም ባሰብኝ። ያኔ ነው የሐረሯ ጎረቤታችን፣ አላህ ይርሐማት፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአብሽ መረቅ ይዛ መምጣት የጀመረችው፤ እነሱ ሁልባት የሚሉትን። ሳህኑ ባዶ ሳይሆን ከደጃፌ አትነሳም። አትመክረኝም፣ በርቺም አትለኝም፤ ስለ ቲማቲም ዋጋ ታወራለች፣ ምራቷን ታማለች። እስከዚህ ድረስ ታውቂዋለሽ።

የማታውቂው ይህን ነው። አንድ ጠዋት ሽርጧን አሸርጣኝ፣ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ መለሰችኝ። ኪኒኑን እንደገና ጀመርኩ፣ ከስምንት ወር በላይም ዋጥኩት። የማስቀምጠው በበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልዬ ነው። ሰው «ምን ተሻለሽ?» ሲለኝ «የሐረሯ ሾርባ» እላለሁ፤ ሾርባ አያሳፍርማ! እንዲህ እያልኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። በየለቅሶ ቤቱ፣ በየቡናው አውርቼዋለሁ። አንቺም ጉልበቴ ላይ ተኝተሽ ሰማሽው። ባለፈው ወር ደግሞ ነርሷን ስጠይቃት፣ ያ ኪኒን ራሱ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል አለችኝ። ሾርባውን ያስበላኝ ኪኒኑ፣ ኪኒኑን ያስጀመረኝ ሾርባው ኖሯል። ወላሂ፣ ለብቻ ለብቻ ቢሆኑ አንዳቸውም አያነሱኝም ነበር። (ወላሂ አልሽ ብለሽ እንዳትስቂ፤ የድሬ ሰው ነኝ።)

ነርሷ ሌላም ነገር ብላኛለች። ኪኒኑ ሥራውን እስኪጀምር ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ከተሻለሽ በኋላም ወራት፣ ብዙ ጊዜ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ፣ ይቀጥላል። የሚቆመውም በሐኪም፣ ቀስ በቀስ ነው። አንቺ የተውሽው ገና ሊጀምር ሲል ነው። እንደ እናትሽ። ኪኒኑን እንዳታቋርጪ።

ምግብ አይረዳም አላልኩም። ቀፊራ ገበያ ጎመን ሸጬ ያሳደግኩሽ ሴት እንዲህ ብል አፌ ይድረቅ! ወንድምሽ አንድ ጥናት አንብቦልኛል፤ አውስትራሊያ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2017 የወጣ። ድባቴ የያዛቸው፣ አመጋገባቸውም የተበላሸ 67 ሰዎች ነበሩ። ግማሽ ያህሉን የምግብ ባለሙያ ለ12 ሳምንት እየተከታተለ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣ፣ እንቁላል እንዲበሉ፣ ጣፋጭና የተጠበሰ ነገር እንዲቀንሱ አደረጋቸው። የቀሩትን ደግሞ ሰው እየተመደበ ያጫውታቸው ነበር። በመጨረሻ ምግባቸውን ካስተካከሉት ከሦስቱ አንዱን ያህል ድባቴው ለቀቀው፤ ከሌሎቹ ግን ከ100 ስምንቱን ብቻ ነው። ወንድምሽ «እማ፣ ሰዉ ትንሽ ነው፣ በዚህ ብቻ አይፈረድም» ይላል፤ ይበል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ ሕክምናቸውን ሳይተዉ ነው የበሉት። ምግቡ ተደረበ እንጂ መድኃኒቱን አላስጣለም።

አሁን ስሚኝ። ድብርት የያዘው ሰው ሽንኩርት መክተፍ ተራራ እንደሚሆንበት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወጥ ሥሪ አልልሽም። በሶ ልኬልሻለሁ፤ በውኃ በጥብጠሽ ጨው ወይም ማር ጣል አድርጊበት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ቁርስሽ ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ በሶ እንዳትጠጪብኝ። እንቁላል አራቱን በአንዴ ቀቅለሽ አስቀምጪ። ምስሩንም እሁድ ቀቅለሽ ለሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው ፎሌት የሚባለው ነገር ሲያንስ ራሱ ሰውን ያደክማል፣ ያስከፋል ብላለች ነርሷ። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቂ። ተልባው ተቆልቶ የተፈጨ ነው፤ ሳይፈጭ ከዋጡት እንደገባ ይወጣል። ሳርዲን በሳምንት ሁለቴ ክፈቺ። የወይራ ዘይት ግዢ አልልሽም፣ ደመወዝሽን ይበላዋል። ቡናሽን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቂው፣ የምግቡን ብረት ሰውነትሽ እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጭራሽ ተዪው፣ እንቅልፍሽን እየሰረቀ ነው። ጫትን በተመለከተ አንነጋገርም። ረሃብ አስረስቶ፣ እንቅልፍ ነስቶ፣ በማግስቱ ሰውን እንዴት እንደሚጥለው የዚህ ከተማ ልጅ ከእኔ አትማሪም።

ሁዳዴ ሊገባ 11 ቀን ቀርቶታል። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው የሚገኘው፤ ሲያንስም ድካምና ድብርት ያመጣል። 55 ቀን ያለ እሱ፣ በዚህ አቅምሽ፣ አይሆንም። የንስሐ አባታችንን ጠይቄያለሁ፤ የታመመ እንደ አቅሙ ነው፣ ራሷ ትደውልልኝ ብለዋል። ደውዪላቸው። ሐኪሙንም የደም ምርመራ ጠይቂው። አክስትሽ ፀበል ብላሻለች አሉ፤ ሂጂ፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ኪኒኑን እንዳታቋርጪ።

ሆዴ፣ ሌሊት ክፉ ሐሳብ ከመጣብሽ ሰዓቱን አትዪ። ለእኔ ደውዪ፤ የአክስትሽንም ልጅ ቀስቅሻትና እስኪነጋ ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ሂዱ። እኔ ያኔ የምቀሰቅሰው ሰው እያለኝ ዝም ብዬ ነው ያደርኩት። አሁን ስልኬን ከትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው።

ደግሞ ብቻሽን አትብዪ። ልጅቷን ተቆጥተሽ በር እንዳትዘጊባት፣ ማታ ማታ አብራችሁ እንድትበሉ ቃል አስገብቻታለሁ። ወሬ ካጣችሁ የቲማቲም ዋጋ አለ።

እቃው በነገው አውቶቡስ ይመጣል፤ ረዳቱ ይደውልልሻል፣ የማታውቂው ቁጥር ነው ብለሽ እንዳትዘጊው። በሶው በነጩ ከረጢት፣ ሹሮና ምስሩ በቢጫው ነው። ዘይቱኑ የበሰለ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ብዪው፣ ለልጅቷም አካፍያት። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆርቆሮ አለ፤ አትጣዪው፣ ያ የበርበሬው ነው። አጥቤዋለሁ፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። ኪኒንሽን እዚያ ውስጥ አድርጊና ምግብ የምትበሉበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ አስቀምጪው። ክዳኑ ስለጠመመ አይገጥምም፣ እንዲሁ ይሁን።

እናትሽ