ለአባቴ፦ ሽቦ ከመጎተቱ በፊት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «ለመሆኑ ይህን የአጥር ሽቦ እንዴት አድርገው ነው የሚያቀጥኑት?» ብለው የጠየቁኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው በደብዳቤ። ማሳያዬ ኢካቦድ ዋሽበርን በ1831 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ዉስተር ከተማ የጀመረው፣ ኋላ «ዋሽበርን ኤንድ ሞኤን» የተባለው ፋብሪካ ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት መጀመሪያ እሺ ይላል፤ ከዚያ ይደርቅና ቀጭ ይላል። የሽቦ ፋብሪካ ልፋት ሁሉ ከዚህ ባሕርይ ጋር ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው ጉተታውን ነው፤ ሽቦው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጉተታው በፊት ነው።

ፍም የመሰለው ብረት በቅድሚያ በጥንድ ጥንድ መዳመጫ መካከል እያለፈ ከእርሳስ የቀጠነ ዘንግ ይሆናል። በ1862 የማንቸስተሩ ጆርጅ ቤድሰን 16 ጥንድ መዳመጫ በተርታ ደረደረ፤ አንዱ ጥንድ አግድም፣ ቀጣዩ ቁም። ዋሽበርን ኤንድ ሞኤን መሣሪያውን በ1869 ወደ ዉስተር አስመጣ። ዘንጉ እየቀጠነ ሲሄድ ስለሚረዝም እያንዳንዱ ጥንድ ከፊተኛው መፍጠን አለበት። ከዘገየ ዘንጉ ይታጠፍና ይከመራል፤ ከመጠን በላይ ከፈጠነ ተለጥጦ ይበጠሳል።

ዘንጉ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ጠቆር ያለ ቅርፊት ይይዛል። ይህ ቅርፊት እንደ አሸዋ ስለሆነ መጎተቻውን ቀዳዳ ይፍቀዋል። ስለዚህ ጥቅሉ በትኩስ፣ በውሃ በቀጠነ የሰልፈር አሲድ ይነከራል። ቶሎ ካወጡት ቅርፊቱ ይቀራል፤ ካቆዩት አሲዱ ራሱን ብረቱን ይበላል፣ ሃይድሮጅን የተባለው ጋዝም ውስጡ ገብቶ እንደ ሸክላ ያሰብረዋል። ከዚያ በደንብ ታጥቦ፣ እርጥበት አግኝቶ ስስ ዝገት እስኪለብስ ይጠበቃል። ዝገት ሆን ተብሎ ሲጠራ ገርሞዎት ይሆናል! ቀጥሎ የሚነከርበት የኖራ ውሃ የሚይዘው ግን በዚያ ዝገት ላይ ነው። ኖራው የተረፈውን አሲድ ይገድላል፣ ቅባቱንም ይሸከማል። በመጨረሻ ምድጃ ውስጥ ይደርቃል፤ ሙቀቱ ሃይድሮጅኑንም ያስወጣዋል።

አሁን ነው ጉተታው። የሽቦው ጫፍ ተቀጥቅጦ ይሾልና፣ ከአንድ ወገን ሰፊ ከሌላው ጠባብ በሆነ የጠንካራ ብረት ቀዳዳ ያልፋል፤ ጫፉ ከሚሽከረከር ከበሮ ላይ ይታሰራል፣ ከበሮውም እየጠቀለለ ይስባል። ቅባቱ ሞራ ወይም ሳሙና ነው። ቀድሞ የሚስበው ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ጉጠት ስለነበር በነከሰ ቁጥር ሽቦው ላይ ጠባሳ ይተው ነበር። ከበሮው ግን የሚይዘው አንዴ፣ ጫፉን ብቻ ነው።

አንድ ቀዳዳ የሽቦውን ውፍረት ብዙ አይቀንሰውም። የተቆረጠውን ፊቱን ስፋት በ20 በመቶ ቢቀንስ 5.5 ሚሊ ሜትር የነበረው 4.9፣ ከዚያ 4.4፣ 3.9፣ 3.5 ይሆናል። ብረቱ ስለማይጠፋ 100 ሜትር የነበረው ከአራት ቀዳዳ በኋላ 244 ሜትር ይደርሳል። ችኩል ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሊቀንስ ሲል ይበጥሰዋል፤ ወይም የባሰው፣ ላዩ ደህና መስሎ መሐሉ ይቀደዳል። ሽቦው በጉተታው ብዛት ሲጠነክርና አልታጠፍ ሲል አየር በማይገባው ድስት ታሽጎ እስኪግል ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ያኔ ይለሰልሳል፤ አየር ከገባ ግን እንደገና ቅርፊት ይይዛልና ወደ አሲዱ መመለስ ነው።

ፋብሪካው ከ1850 ጀምሮ የፒያኖ ሽቦም ሠርቷል። ለእርስዎ የሚቀርበው ግን ባለ እሾሁ ነው። አሜሪካዊው ገበሬ ጆሴፍ ግሊደን በኅዳር 1874 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ብልሃት ቀላል ነው፦ እሾሁ በአንዱ ሽቦ ላይ ይጠመጠማል፣ ሁለተኛው ሽቦ አብሮ ተገምዶ ይቆልፈዋል። ብቻውን ቢሆን እሾሁ እየተንሸራተተ አንድ ጥግ ይሰበሰብ ነበር። ግምዱም በብርድ ሲኮማተር እንዳይበጠስ ፋታ ይሰጠዋል። ዋሽበርን ኤንድ ሞኤን በ1876 የግሊደንን የመብት ድርሻ በ60,000 ዶላር ገዛ፤ በተጨማሪም ለተሸጠው እያንዳንዱ 100 ፓውንድ (45 ኪሎ ገደማ) ሽቦ 25 ሳንቲም ይከፍለው ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መብቱን ያጸናው በ1892 ነው፤ መብቱ የሚጸናበት 17 ዓመት ካለቀ በኋላ! ፋብሪካው ራሱ በ1899 ወደ ትልቅ የሽቦ ድርጅት ተጠቃለለ።

ለአጥሩ አዲስ ሽቦ ሲገዙ ቁራጩን በወፍራም ሚስማር ላይ ጥምጥም አድርገው ይዩት። እንደ ቆርቆሮው ሁሉ ከዝገት የሚጠብቀው ዚንክ ነው። ዚንኩ እንደ ቅርፊት ከተላጠ ወይ ከመጠን በላይ ወፍሯል፣ ወይ ሽቦው ሳይጸዳ ነው በቀለጠው ዚንክ የተነከረው፤ ይተዉት። ሽቦው ራሱ ከተሰነጠቀማ ዋጋም አይጠይቁ።

እማዬን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ