ለጌታቸው፦ ስለ ትሉም ስለ ላቦራቶሪው ሥጋም

ቢሾፍቱ ላለው ወንድሜ ለጌታቸው፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ዶሮዎቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን መክረማችን ከንክኖኛል፤ የላክህልኝ ጥያቄ ግን አንድም ቀን ከልቤ አልወጣም። «የመኖ ዋጋ ወገቤን ቆረጠው፤ ትል ማርባት ያዋጣል ይሉኛል፤ ደግሞ ሥጋ በላቦራቶሪ እየተሠራ ነው ይባላል፤ የዶሮ ሥራ ነገ ዋጋ ያጣ ይሆን?» ነበር ያልከኝ።

ከላቦራቶሪው ሥጋ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ከከብት ወይም ከዶሮ ጥቂት ሕዋስ ይወሰድና ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ጨውና ቪታሚን ያለበት ፈሳሽ በተሞላ ጋን ውስጥ በሰውነት ሙቀት ይባዛል። ቀድሞ ሕዋሱን ለማሳደግ ከታረደች እርጉዝ ላም ጽንስ ደም የሚወጣ፣ ሴረም የሚባል ፈሳሽ ይጨመርበት ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ አምራቾች ሌላ መተኪያ አግኝተውለታል። ያልተፈታው ጋኑን የማሳደግ ጣጣ ነው። ሕዋሱ እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ባክቴሪያ ግን በዚያው ፈሳሽ ውስጥ በ20 ደቂቃ እጥፍ ሊሆን ይችላል። አንዴ ከገባበት ሙሉው ጋን ይደፋል ማለት ነው፤ ስለዚህ ንጽሕናውም ወጪውም የመድኃኒት ፋብሪካ ነው። ሕዋሳቱ በበዙ ቁጥር አሞኒያና ላክቲክ አሲድ እየተጠራቀመ ያፍናቸዋል፤ ኦክስጅን እንዲዳረስ በኃይል ቢማሰሉ ደግሞ ይሰባበራሉ። የደም ሥር ስለሌለ ኦክስጅን ከ0.2 ሚሊ ሜትር ብዙም አልፎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ለዚህ ነው የሚወጣው ነገር በአመዛኙ የተፈጨ ሥጋ የሚመስለው። 12 ብልት የምትወጣዋ ዶሮ ከጋን አትወጣም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የኔዘርላንዱ ማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማርክ ፖስት ለንደን ላይ ያስቀመሰው አንድ በርገር ወደ 250,000 ዩሮ ፈጅቷል። ሲንጋፖር በ2020 መጨረሻ፣ አሜሪካ በ2023 ሽያጩን ፈቅደዋል፤ ጣሊያንና ከአሜሪካ ግዛቶች ፍሎሪዳ ደግሞ ከልክለውታል። ሲንጋፖር ውስጥ በ2024 ሱቅ የገባው ምርት ከሕዋስ የበቀለ ሥጋው 3 በመቶ ብቻ ነበር፤ የቀረው የእፅዋት ፕሮቲን ነው። በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አትጣ።

ወደ ትሉ ስንመጣ፣ ነፍሳትን ሰው ራሱ ይብላቸው ወይ የሚሉም አሉ፤ የሚበሉ አገሮች ሞልተዋል። በኡጋንዳ ንሴኔኔ የሚባለው ፌንጣ ወቅቱ ሲደርስ ከሥጋ በላይ ይወደዳል፤ ታይላንድ ማታ ማታ የሚጮኸውን ፌንጣ በገንዳ ታረባለች። አንበጣም ቢሆን በዘሌዋውያን 11 ከተፈቀዱት ውስጥ ነው። ከበላህ ግን ሦስት ነገር እወቅ። ሽሪምፕ የሚያሳክከው ሰው ነፍሳትም ሊያሳክኩት ይችላሉ። ማድረቅ ብቻውን ጀርም አይገድልም፤ መጀመሪያ በፈላ ውኃ መቀቀል አለባቸው። ሜዳ ላይ የተለቀመ አንበጣ ደግሞ መድኃኒት የነካው ሊሆን ይችላል፤ በ2012 ዓ.ም. መንጋው ሲወርረን በአውሮፕላን ሲረጭ የነበረውን ታስታውሳለህ፤ እንዲያ ያለውን ለሰውም ለዶሮም አትስጥ።

እኔ የማምንበት ግን ሌላ ነው። ነፍሳት ለእኛ አገር የሚጠቅሙት በሰው ገበታ ሳይሆን በዶሮ መመገቢያ በኩል ነው። ለዚህ የሚሆነው ብላክ ሶልጀር የሚሉት ጥቁር ዝንብ ነው፤ ትል የሚሉህም የዚህ ዝንብ እጭ ነው፤ ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ብዙ ገበሬ አሠልጥኖበታል። ይህች ዝንብ እንደ ቤት ዝንብ ምግብ ላይ አታርፍም። ጉልምሷ ውኃ ብቻ እየቀመሰች፣ በእጭነቷ ባጠራቀመችው ስብ ሳምንት ገደማ ኖራ፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። የደረቀው እጭ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን፣ 30 በመቶ ገደማ ስብ አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዝንቦቹን ፀሐይ በሚገባበት ቦታ በአጎበር ውስጥ ታኖራለህ፤ ደማቅ ብርሃን ካላገኙ አይገናኙም። ከሥር የሚሸት አተላ በሳህን ታስቀምጥና በላዩ ላይ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ያላቸው፣ የተደራረቡ ደረቅ ጣውላዎች ታደርጋለህ። ዝንቧ እንቁላሏን ከርጥብ ነገር ላይ አትጥልም፤ ምግቡ አጠገብ ያለ ደረቅ ስንጥቅ ትፈልጋለች። አንዷ 500 ገደማ ትጥላለች፤ 1 ግራም እንቁላል ከ30,000 በላይ ነው። ጣውላውን በየቀኑ እየፈታህ እንቁላሉን በስለት ጀርባ ቀስ ብለህ ትፍቃለህ። በ28 ዲግሪ አካባቢ በአራት ቀን ይፈለፈላል። መጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት በራሰ የጫጩት መኖ ታሳድጋቸዋለህ፤ በዚህ ዕድሜ አተላ ላይ ከጣልካቸው አብዛኞቹ ይሞቱብሃል።

ከዚያ በ60 በ40 ሳንቲ ሜትር ሣጥን ውስጥ 10,000 እጭ ታደርግና 15 ኪሎ ርጥብ ተረፈ ምርት በሦስት ጊዜ ከፍለህ ትሰጣለህ፤ በመጀመሪያው፣ በአምስተኛውና በስምንተኛው ቀን። በ12ኛው ቀን ይደርሳል። ምግቡ የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የጠላ ወይም የቢራ አተላ ሊሆን ይችላል፤ ርጥበቱን ለመመጠን የስንዴ ፉርሽካ ትቀላቅልበታለህ። ርጥበቱን በእጅህ ለካው፤ በእፍኝህ ስትጨምቀው ጠብታ ወይም ሁለት ጠብታ ብቻ ከጣቶችህ መሃል ይውጣ። ውኃው ከፈሰሰ ምግቡ ይገማል፣ እጮቹ በሣጥኑ ግድግዳ ተንጠላጥለው ይወጣሉ። ወፍራም አድርገህ ከቆለልከው ደግሞ ራሱን በራሱ ያግላል፤ ሙቀቱ ከ40 ሲያልፍ እጮቹ ይሸሻሉ፣ መሸሻ ያጡት ይሞታሉ። ጉንዳን እንዳይወጣ የመደርደሪያውን እግሮች ውኃ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ አቁማቸው።

የምትሰበስባቸው ገና ክሬም መልክ እያሉ፣ አንድ ሁለቱ መጥቆር ሲጀምሩ ነው። ከጠቆሩ ቆዳቸው ይጠነክራል፣ ዶሮም በደንብ አትፈጨውም። በወንፊት ነፍተህ፣ በፈላ ውኃ ነክረህ፣ በቀጭኑ አስጥተህ አድርቃቸው። ካልደረቁ ይሻግታሉ፤ ስባቸው ስለሚበዛ ደግሞ ሙቀትና ብርሃን ባለበት ቢቀመጡ ይኮመጥጣሉ። ለዘር የምታስቀራቸውን ጥቂቶች ለይ። ቅሪቱን ጓሮ ጥላ ሥር ጥቂት ሳምንታት አብላላውና ለአትክልት ማዳበሪያ ይሁንህ።

አሁን ሻጮቹ የማይነግሩህን ሒሳብ ልንገርህ። አንድ ሣጥን 2 ኪሎ ገደማ ርጥብ እጭ ይሰጥሃል፤ ሲደርቅ ከ650 ግራም አይበልጥም። 500 እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 55 ኪሎ ገደማ መኖ ይበላል። ከዚህ ውስጥ 10 በመቶውን በእጭ ልተካ ብትል በቀን አምስት ኪሎ ተኩል ደረቅ እጭ ያስፈልግሃል። ይህም በየቀኑ ዘጠኝ ሣጥን መሰብሰብ፣ 12 ቀን ሲባዛ 108 ሣጥን መደርደር፣ በየቀኑም 135 ኪሎ ርጥብ ተረፈ ምርት ማስገባት ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ዝንቡ ሞቶበት ሳይሆን ምግቡ አልቆበት፣ ወይም አተላውን ለማምጣት የሚከፍለው የጋሪ ኪራይ ከፋጉሎው ዋጋ በልጦበት።

የቢሾፍቱ ብርድም አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዝንቦቹ መጣል ያቆማሉ፣ እጮቹም ቀኑን ያራዝሙታል፤ ሙቀት የሚይዝ የላስቲክ ቤት ያስፈልግሃል፤ ከሰል ማንደድ ግን ወጪህን ይበላዋል። እጩ የፋጉሎውን ወይም የአኩሪ አተሩን ከፊል ይተካል እንጂ ፕሪሚክሱን፣ ማለትም መኖው ላይ የሚጨመረውን የቪታሚንና የማዕድን ቅልቅል፣ አይተካም፤ ሜቲዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ስለሚያንሰው እሱን ካጎደልክ እንቁላሉ ያንሳል። ከከተማ የሚመጣ የተደበላለቀ ቆሻሻም አታስገባ። ባትሪና ብረታ ብረት የነካው ነገር ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ዝንብ ደግሞ ካድሚየምን በሰውነቱ ያከማቻል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 የነፍሳትን ፕሮቲን ለዶሮና ለአሳማ መኖ ሲፈቅድ እንኳ ፋንድያና የምግብ ቤት ትርፍራፊ የበሉትን አልፈቀደም፤ እኔም ከዚያ መስመር እንዳትወጣ እለምንሃለሁ።

ስለዚህ ሣጥን ከመግዛትህ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ መዝግብ፦ ከጁስ ቤቶቹ፣ ከአትክልት ተራው፣ ከጠላ ቤቶቹ በእርግጠኝነት በቀን ስንት ኪሎ ታገኛለህ፣ በጾም ወራትስ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል፣ ማጓጓዣው በኪሎ ስንት ይወጣል። 50 ኪሎ ብቻ ከሆነ ለ500ው ዶሮ ሳይሆን ለጫጩቶቹ ብቻ አስበው፤ ሦስት አራት ሣጥን በቀን ይበቃል። ቁጥሩን ላክልኝ፣ መኖውን አብረን እናመጣጥነዋለን።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪህ ወንድምህ