ለሰይድ፣ ስለ አባባ ፊርማ

ደሴ፣ መስከረም 23

ሰይዶ፣

እንዴት ከረምክ ብዬ ብጀምር «የትኛውን ክረምት?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ኒካህህ ላይ አልመጣሁም፣ ስትደውል አላነሳሁም፣ ልጅ መውለድህን እንኳ ከሰው ነው የሰማሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውፍ በለኝ። ስንገናኝ በቡጢ ትለኝና እንጨርሰዋለን። አሁን የምጽፍልህ ጉድ ገጥሞኝ ነው፤ ጉዱም ያባትህ ነው።

(አብሽር፣ ደህና ናቸው። ጉልበቴን ይላሉ እንጂ ካንተና ከኔ ይሻላሉ።)

የክረምት ተማሪ ሆኛለሁ፣ ማስተርስ። ዓመቱን እዚህ አስተምራለሁ፣ ሰኔ ሲያልቅ ሻንጣዬን ይዤ እኔው ተማሪ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ምን እንደምማር ብነግርህ ትስቃለህ፦ ሀገር በቀል ዕውቀት። አባባ በነፃ የሚያውቁትን እኔ እየከፈልኩ!

ከማኅበረሰቡ ጋር አብሮ ስለ መመራመር የሚያስተምር አንድ ኮርስ አለን። ገበሬው ተጠይቆ የሚሸኝ መረጃ ሰጪ አይደለም፣ ራሱ ተመራማሪ ነው ይላል። ጥያቄውን አብሮህ ያወጣል፣ የጻፍከውን ሳይታተም ያየዋል፣ አይሆንም ካለም አይሆንም። ይሄን ስሰማ ጆሮዬ ጋለ። ያቺ የዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ ትዝ ትልሃለች? አባባ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ማሽላ ዘር ሲያወሩ፣ እኔ ስጽፍ፣ አንተ ኩራዝ ይዘህ እያንቀላፋህ? ኤ ነው ያገኘሁባት። የአባባ ስም ግን የለባትም። «የአካባቢው አርሶ አደሮች እንደሚሉት» ብዬ አለፍኩ። አንድ ኮፒ እንኳ አልወሰድኩላቸውም። ስልክህን ያላነሳሁት፣ እንዲያው... እሱም አለበት መሰለኝ። ተወው።

ለአሁኑ ጥናት የመረጥኩት ወተት በጉንጬ የሚባለውን ማሽላ ነው። አዎ፣ ያንኑ፣ እሸቱን እየሰረቅን የጠበስነውን። ሲደርቅ ፍሬው የሚሰረጉደውን፣ ምርቱ ትንሽ ስለሆነ አባባ በሌላው ማሽላ መሃል ጣል ጣል የሚያደርጉትን። አሜሪካ ውስጥ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ከ9 ሺህ በላይ የማሽላ ዓይነት ፈትሸው፣ ሰውነት የሚገነባው ላይሲን በጣም የበዛባቸው ሁለት ብቻ አገኙ። ሁለቱም የወሎ። ወተት በጉንጬና ማርጩቄ ከዚህ ወገን ናቸው። ያሳተሙት በፈረንጅ 1973 ነው፤ አስበው፣ የኛ 65 እና 66፣ ወሎ በረሃብ ሲያልቅ። ዘሮቹ በዓለም መዝገብ ላይ የሚጠሩት አይ ኤስ 11758 እና አይ ኤስ 11167 ተብለው ነው። «ወተት በጉንጬ» ብሎ ስም ያወጣው ሰው ምን ቀምሶ እንዳወጣው ቁጥሩ ይነግርሃል?

እንግዲህ ነሐሴ ላይ ሦስት ገጽ የስምምነት ቅጽ ይዤ ሐርቡ ወረድኩ። ቡናው በረካ እስኪደርስ ጠበቅኩና አነበብኩላቸው። «ስምዎ አይጠቀስም፣ በመለያ ቁጥር ይተካል» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ቁጥሬ ስንት ነው?»

«ሰባት።»

«ስድስቱ እነማን ናቸው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። «አንተ ልጅ፣ ስሜ ምን አደረገህ?»

ሰውን ከጉዳት ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ውሸትም አይደለም፤ ስለ በሽታ፣ ስለ ፖለቲካ ለሚጠየቅ ሰው ስም መደበቅ ደግ ነገር ነው። ግን ሰይዶ፣ ስለ ዘር ስላወሩ ማነው የሚጎዳቸው? እኔ ፍርድ ቤት ልከሳቸው ነው? አዋጁንም አወጣሁላቸው፣ 482/1998ን፤ የማኅበረሰብ ዕውቀት ሲወሰድ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ መንግሥት ከዘሩ ከሚያገኘው የገንዘብ ጥቅምም 50 በመቶው የማኅበረሰቡ ነው የሚለውን። «ስማቸው የሌለ ሰዎች ድርሻቸውን በምን ይቀበላሉ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ቅጹ መጨረሻ ላይ «ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ፦ የአውራ ጣት አሻራ» ይላል። እኔ ሞኙ ቀለሙን አቀረብኩላቸው። ስንት ኪታብ ላነበቡ ሰው! እጃቸውን ሰበሰቡ። «ቀለም የነከርኩት ለማዳበሪያ ዕዳ ብቻ ነው» አሉና እስክሪብቶዬን ተቀብለው በዐረብኛ ፊደል ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጻፉ። የት መሰለህ? ቁጥሩ የሚገባበት ሳጥን ውስጥ። ሞልቶ ወደ ኅዳጉ ፈሷል።

አማካሪዬ አይቶት «ይሄ ተበላሽቷል፣ አዲስ አስሞላቸው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንቡ ነው የያዘው። ቅጹን እስከ ጥቅምት 20 መመለስ አለብኝ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የኔ የጥናት ጥያቄ «ነባሩ ዘር ለምን እየጠፋ ነው?» የሚል ነበር። አባባ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘሩ የት ይሄዳል? ማማ ላይ የሚወጣ ልጅ ለምን ጠፋ ብለህ ጠይቅ» አሉ። ጣፋጩን ወፍ አስቀድሞ ነው የሚበላው፤ ጠባቂ ከሌለ አይዘራም። ልጁ ትምህርት ቤት ነው፣ ወይ ዐረብ አገር ነው፣ ማሳውም በማሾ ጥራጥሬ ተይዟል። ሁለት ዓመት ተምሬ ያላገኘሁትን ጥያቄ በአንድ ስኒ ሰጡኝ። ሲናገሩ ደግሞ እኔን አያዩም፣ ማማው የነበረበትን ነው የሚያዩት። አንተ አዲስ አበባ፣ እኔ ደሴ። ምን እላቸዋለሁ?

ደብዳቤውን የጀመርኩት፣ ልዋሽህ አልችልም፣ «አንድ ጊዜ ደውልና አሻራ እንዲያደርጉ ለምንልኝ» ልልህ ነው። እምቢ እንደማይሉህ አውቃለሁ። እዚህ ድረስ ስጽፍ ግን አፈርኩ። እንዳትደውል። ስሜ ይጻፍ ያለ ሰው ስሙ ይጻፍለት ብዬ ቅጹን ለሚያጸድቀው ኮሚቴ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ስማቸውንም ከኔ ስም ጎን፣ ተባባሪ ተመራማሪ ብዬ። ካልተቀበሉኝ... እንጃ፣ ዓመት ያቃጥለኛል።

ከቤተሰብ አንድ ምስክር ቢፈርምልኝ ግን ይረዳኛል። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ና፤ እሸቱም ያኔ ይደርሳል። ዘንድሮ አባባ አራት መስመር ወተት በጉንጬ ዘርተዋል፤ ወፏን የሚያባርሯት ራሳቸው ናቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው። የጻፍኩትን አንተ አንብብላቸው፣ እኔ ሳነብ ድምፄ ይሰበራል። የድሮዋንም ጽሑፍ ይዤ እመጣለሁ። ስትሰማት ፊቴን አትየኝ።

ወንጭፍህ ዛሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። የጎረቤትን ላም ዓይን ያጠፋው ማን እንደሆነ አባባ አሁንም ይጠይቃሉ። አደራህን፣ አንዱን ጉድ ጨርሼ ሌላ እንዳታወጣብኝ።

ያው ተስፋዬ